ባለ 40 ሊትሩ የውሃ ኤየር ኩለር ለድሬዳዋ ሱቅና ቢሮ

ሙቀቱ ደረቅ በሆነበት በድሬዳዋም በሰመራም ዋጋውን የሚያወጣ ዕቃ ነው፤ የሚበላውም መብራት ከኤሲ በብዙ ያነሰ ነው። አየሩ የሚቀዘቅዘው በረጠበው ንጣፍ ውስጥ ሲያልፍ ውሃው ስለሚተን ነው። ስለዚህ ጀርባውን ለክፍት መስኮት ስጡት፤ በሩንም ገርበብ አድርጉ። ዘግተው ሲያስነሱት ክፍሉ እንደ ሻወር ቤት ይታፈናል፤ "አይሠራም" የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ዋናው ጠላቱ የድሬ ውሃ ነው። ኖራው ንጣፉ ላይ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ የፓምፑንም ማጣሪያ ያንቃል። በየሳምንቱ የተረፈውን ውሃ ድፉ፤ ንጣፉን 1 እጅ አቼቶ ከ3 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉና እጠቡት። ማታ ፓምፑን ቀድማችሁ አጥፍታችሁ ማራገቢያው 15 ደቂቃ ብቻውን ይሥራ፤ እርጥብ ያደረ ንጣፍ ጠዋት ይሸታል።

ለጅቡቲ ወደብ እርጥበት ግን አትግዙት።