ከ8 ወር በኋላ፦ መሪ ስር የሰካኋት ሙቀት ማንበቢያ ሞተሬን አተረፈችልኝ

የገዛኋት ባለፈው ጥቅምት ነው። የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ከመሪው ስር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ትሰካና በብሉቱዝ ስልክ ላይ የሞተሩን ሁኔታ በቁጥር ታሳያለች። ዋጋዋ አንድ ታንክ ቤንዚን አይሞላም። ሻጩ ግን በምርጫዬ አልተደሰተም። «እህቴ፣ ይቺ እኮ መጫወቻ ናት፤ ትልቁን ውሰጂ» እያለ ባለ ስክሪኑን ያወጣልኝ ነበር። እኔ የምፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ሙቀት።

የኔ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የሙቀት ቀስት የለም። ሞተሩ ገና ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት ይበራል። ነገር ካለፈ በኋላ ቀዩ ይበራል። በመሀል ያለውን ማን ይንገረኝ?

ጉዱ የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው። 11 ሰዓት ገደማ ከለገሀር ወደ ፒያሳ እየወጣሁ ነበር። ቸርችል ጎዳናን ታውቁታላችሁ፤ ዳገት ነው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ መኪና በመኪና ላይ ነው። ኤሲ ከፍቻለሁ። ስልኬ ላይ 90 የነበረው 95 ሆነ። ሌላ ጊዜ 96 ላይ ፋኑ ይነሳና ይመልሰዋል። ፋኑ ተነሳ፣ ድምፁን ሰማሁት። ቁጥሩ ግን አልመለስ አለ። 99። 102። ቴዎድሮስ አደባባይ ስደርስ 106። ቀዩ መብራት አሁንም አልበራም!

ኤሲውን አጥፍቼ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ መስኮቶቹን አወረድኩ። በላብ ተጠመቅኩ፤ ግን ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ይቀንስለታል። ዳር እንዳገኘሁ አቁሜ አጠፋሁት። ክዳኑን አልነካሁም። የጋለ ራዲያተር መክፈት ፊትን ያቃጥላል። 40 ደቂቃ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

በማግስቱ የሄድኩበት ጋራዥ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያየው «ቴስታታው ነው፣ ይከፈት» አለኝ፤ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል ማለቱ ነው። ሌላኛው ደግሞ «ቴርሞስታቱን ነቅለን እንጣለው፤ ለአዲስ አበባ አያስፈልግም»። ይህን ምክር ስንቱ ሰምቶ አስነቅሏል! ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የማያሳልፍ በር ነው። የኔ ቴርሞስታት እንደሚሠራ በየጠዋቱ አየዋለሁ። ቁጥሩ እስከ 82 ቶሎ ቶሎ ይወጣል፣ ከዚያ ረገብ ይላል፤ ከፈተ ማለት ነው። የሚሠራ ዕቃ ለምን ይነቀላል? ያለ እሱ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ይነዳል፣ ቤንዚንም ይፈጃል። ቴስታታውም ቢሆን ምልክት የለውም። ጭሱ ነጭ አይደለም፣ ዘይቱም ወተት አልመሰለም።

ቤቴ ሄጄ ሞተሩ በደንብ ሲበርድ ራሴ አየሁት። የውሃ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ጢም ብሎ ሞልቷል። ራዲያተሩ ግን ጎድሏል። ውሃው ወጥቶ መመለስ አቅቶታል ማለት ነው። የራዲያተሩን ክዳን ገለበጥኩት። ከስሩ ያለው ጎማ ደርቆ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ።

ለዚህች ጎማ ነበር ቴስታታ ሊከፈት የነበረው።

ክዳን ተራ ነገር ይመስላል፤ እዚህ ከተማ ግን አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፤ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ንፍሮ የሚዘገይብንም ለዚሁ ነው። የክዳኑ ሥራ እንደ ፕሬዠር ድስት ውሃውን አፍኖ መያዝ ነው። የሚይዘው ግፊት 1.1 ተብሎ የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ115 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ግፊቱን ካልያዘ ግን ንጹህ ውሃ ከሆነ ፋኑ ሳይነሳ መፍላት ሊጀምር ይችላል። ቆላ ላይ ምንም ያላለ ክዳን እዚህ ጉድ ያፈላል።

የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ ክዳን ገዛሁ። መጀመሪያ 0.9 ሰጡኝ፣ «ያው ነው» ብለው። ያው አይደለም፤ አስቀየርኩ። የቧንቧ ውሃውንም አስፈስሼ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ሞላሁ። ሁሉም ተደምሮ ለቴስታታ ከተጠየቅኩት ጋር ለንጽጽር አይቀርብም።

ማንበቢያዋ እንከን የላትም አልልም። ብሉቱዟ አንዳንዴ ይቋረጣል። መኪናው ለቀናት ሲቆም ባትሪ እንዳትበላ ነቅላታለሁ። በቃ። «መጫወቻ ናት» ላለኝ ልጅ ግን ያቺን የሚያዝያ ምሽት ባሳየው ደስ ይለኛል። የሱ ትልቁ ዕቃ ጋራዥ ተቀምጦ ብልሽት ይፈልጋል። የኔዋ ዳገቱ መሀል ነግራኛለች። ቀዩን መብራት ብጠብቅ ኖሮ ቴስታታው በእውነት ይጣመም ነበር። ቀስት የሌለው መኪና የምትነዱ ወዳጆቼን ሁሉ ግዙ እያልኩ እየወተወትኩ ነው።

ትናንት በዚያው ሰዓት በዚያው ዳገት ወጣሁ፣ ኤሲ እንደ ተከፈተ። 94። 96። ፋኑ ተነሳ። 91።