ዋርካው ከነጥላው፦ ከባሕር ዳር ስለተገዛ አንድ የመልክዓ ምድር ሥዕል

ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ የሥዕል መሸጫ የገዛሁት ይህ ሥራ 80 በ60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሸራ ላይ በአክሪሊክ ቀለም የተሣለ ሲሆን፣ በጎጃም ወይና ደጋ ከጤፍ ማሳ ዳር የቆመ ዋርካን ያሳያል።

ሠዓሊው ከዛፉ ይልቅ የደከመው ለጥላው ነው። ቅጠሉን በጥቂት ሰፋፊ የብሩሽ ጭረቶች ሲያልፈው፣ ከሥሩ ያለውን መሬት ግን ሰማያዊ፣ ቡናማና ወይን ጠጅ እየደራረበ ስለሠራው ዓይን ወደዚያው ይወርዳል፤ እዚያም ክብ ሠርተው የተቀመጡ ድንጋዮች አሉ፣ ሰው ግን የለባቸውም። የወሰን ክርክር የሚሰማውና ደም የተቃባ ወገን ለእርቅ የሚቀርበው በዋርካ ሥር መሆኑን የሚያውቅ የጎጃም ሰው ድንጋዮቹ የማን መቀመጫ እንደሆኑ ለመረዳት አይቸገርም። ሥዕሉ ለእኔ የሸንጎ ሥዕል ነው። ሽማግሌዎቹ አለመሣላቸውንም እደግፋለሁ፤ ጋቢ ለብሰው ቢደረደሩ ኖሮ ተመልካቹ ልብሳቸውን አይቶ ያልፍ ነበር፣ ባዶው ድንጋይ ግን ዳኝነቱ ዛሬ የት እንደሄደ ያስጠይቃል።

ይህን ጥያቄ የሚያከብደው ከበስተጀርባ የሚታየው የባሕር ዛፍ ረድፍ ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባው ይህ ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግ ለቤት መሥሪያም ለሽያጭም ይደርሳል፤ ገበሬው ቢተክለው አይፈረድበትም፣ ሆኖም ሰው ሰብስቦ የሚያስቀምጥ ጥላ የለውም። ሠዓሊው አንዱን ሳያወግዝ ሁለቱን በአንድ ሸራ ማቆሙ ብስለቱን ያሳያል።

ግንዱ በጥቁር መስመር መከበቡ በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ያስታውሰኛል። እዚያ መስመሩ ቅዱሳኑን ከጀርባቸው ለይቶ ያወጣል፤ እዚህ ያ ክብር ለዛፉ ተሰጥቷል፣ ይገባዋልም።

ሰማዩ ግን አንድ ወጥ ሰማያዊ በመሆኑ ከቀረው ሥራ ጋር አይመጥንም። ሸራው የተወጠረበት እንጨትም በደንብ ሳይደርቅ የተሠራ ይመስላል፤ ከክረምት በኋላ ማዕዘኑ ላላ ብሏል፣ ስለዚህ የሚገዛ ሰው ሸራውን በጣቱ ነካ አድርጎ መወጠሩን ያረጋግጥ። ከመስኮት ትይዩ ሲሰቀል የጥላው ቀለሞች እርስ በርስ ስለሚዋጡ፣ ከጎን ብርሃን የሚያገኝ ግድግዳ መምረጥ ይሻላል።