ጎንደር ላይ ውርስ የምታጣሩ፦ «በመቶኛ እንጨርስላችሁ» የሚለውን ውል አትፈርሙ

ሠልስት ሳይወጣ ለቅሶ ደራሽ መስሎ የሚመጣ ጉዳይ አስፈጻሚ አለ። «እናንተ አትንከራተቱ፤ የወራሽነቱን ማስረጃ፣ የካርታውን ስም ዝውውር፣ የባንኩን ብር ሁሉንም እኔ እጨርሳለሁ። አሁን ምንም አትከፍሉም፤ ሲያልቅ ከጠቅላላው 10 በመቶ ብቻ» ይላል። ከአራዳ እስከ አዘዞ ያላችሁ ሐዘንተኞች፣ ወንድምና እህቶቻችሁ ውጭ አገር ያሉባችሁ በተለይ፣ ይህን ውል አትፈርሙ።

«ከጠቅላላው» የምትለዋን ቃል በቁጥር እንያት። አባት አረፈ እንበል፤ እናት በሕይወት አለች፤ ልጆቹ አራት ናቸው፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ቤት 4,000,000 ብር ይገመታል። ኑዛዜ ከሌለ ሚስት በፍትሐ ብሔር ሕጉ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ነገር ግን የጋራው ሀብት ግማሽ ከመጀመሪያውም የራሷ ነው። ስለዚህ ውርስ የሚባለው 2,000,000 ብር ብቻ ሲሆን ለእያንዳንዱ ልጅ 500,000 ይደርሰዋል። አስፈጻሚው ግን 10 በመቶውን ከ4 ሚሊዮኑ ይቆርጣል፦ 400,000 ብር። ልጆቹ ከከፈሉት እያንዳንዳቸው 100,000፣ ማለትም የድርሻቸውን አምስተኛ እጅ ያጣሉ። እናትም ትካፈል ከተባለ ያልወረሰችውን፣ ለዓመታት የደከመችበትን ንብረት ለማስመለስ ኮሚሽን መክፈሏ ነው። ይህ በጣም ያስቆጫል።

በሂሳቡ ላይ ሌላም ይጨምራሉ። የጡረታ አበል ለትዳር ጓደኛና ለልጆች የሚሰጥ የራሳቸው መብት እንጂ የውርስ ሀብት አይደለም፤ ከእሱ መቶኛ የሚቆረጥበት ምክንያት የለም። «የውርስ ግብር» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ደግሞ የመንግሥት ደረሰኝ አምጣ በሉት። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በውርስ የተገኘን ሀብት ከገቢ ግብር ነጻ አድርጎታል። የሚከፈለው የፍርድ ቤትና የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ እሱም በደረሰኝ ነው።

ሥራው ራሱ ምን ያህል ነው? መጀመሪያ ሞቱን በቀበሌ ማስመዝገብ፤ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው፣ ከአርባው በፊት ማለት ነው። ቀጥሎ ሟች በኖረበት ቦታ ላለው ፍርድ ቤት የወራሽነት አቤቱታ ማቅረብ። የሞት ማስረጃው፣ የልጅነትና የጋብቻ ማስረጃ፣ የምስክሮች ዝርዝር አብረው ይገባሉ። ከወራሾቹ አንዱ የሌሎቹን ውክልና ይዞ መቅረብ ይችላል። ሙስሊም ቤተሰቦች ሁሉም ከተስማሙ ጉዳዩን ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላሉ፤ በዚያ የድርሻ አከፋፈሉ ሌላ ነው።

መዝገቡ የሚጓተተው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የስም ልዩነት፦ ካርታው ላይ ሙሉ ስም፣ የባንክ ደብተሩ ላይ የቤት ስም፣ መታወቂያው ላይ ደግሞ በሌላ ፊደል የተጻፈ ስም ይገኛል። አቤቱታው ላይ ሁሉንም ስሞች አስፍራችሁ የአንድ ሰው መሆናቸውን ምስክሮቹ እንዲያረጋግጡ አድርጉ። አለዚያ ማስረጃው ከወጣ በኋላ ባንኩ ይመልሳችኋል፣ እንደገናም ትጀምራላችሁ። ሁለተኛው የተዘለለ ወራሽ ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ እኩል ወራሽ ነው፤ ደብቃችሁት የወጣ ማስረጃ በእሱ አቤቱታ ሊሰረዝ ይችላል። ማስረጃው ሲወጣ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ በዛ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ ባንኩም ማዘጋጃ ቤቱም የየራሱን ያስቀራል።

አሁን ወደ ውክልናው። ከመቶኛው ይልቅ ቤት የሚያሳጣው ይሄ ወረቀት ነው። ጠቅላላ ውክልና በሕጉ የማስተዳደር ሥራን ብቻ የሚሸፍን ሲሆን ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ተለይቶ መጻፍ አለበት። ለዚህ ነው አስፈጻሚው ራሱ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ይዞ የሚመጣው። «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ»፣ «በስሙ ማዛወር»፣ «ውክልናውን ለ3ኛ ወገን ማስተላለፍ» የሚሉት ካሉ ሰርዙ። ለወራሽነት ጉዳይ የሚያስፈልገው በፍርድ ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቀርቦ ማስረጃ መጠየቅና መቀበል ነው። ውጭ ያላችሁም ኤምባሲ ሄዳችሁ ስትፈርሙ ጽሑፉን ከደላላ አትቀበሉ፣ ውክልናውንም ለቤተሰብ ስጡ። ሟች በሕይወት ሳለ የሰጠው ውክልና ደግሞ በመርህ ደረጃ በሞቱ ያበቃል፤ በእሱ «ቶሎ እናዛውረው» የሚል ሰው መዘዝ እያመጣባችሁ ነው።

«የፍርድ ቤቱ ጣጣ ይቅርና በሽያጭ አስመስለን እናዛውረው» የሚሉም አሉ። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው በሊዝ እንዲያዝ ደንግጓል። በውርስ ልታገኙት የምትችሉትን መብት በሐሰት ሽያጭ ወደ ሊዝ ክፍያ መለወጥ ኪሳራ ነው።

ከሀብቱ አስቀድመው የሚወጡት የቀብር ወጪ፣ የማጣራት ወጪና የሟች ዕዳ ናቸው፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። የተዝካር ድግስ በሕጉ እንደ ቀብር ወጪ አይቆጠርም። ለተዝካር አበድሮ ከውርሱ ላይ ቀድሜ እወስዳለሁ ከሚል አስፈጻሚ ራቁ።

ጠበቃ ካስፈለጋችሁ (ወራሾች ሲከራከሩ ወይም ኑዛዜ ሲነሳ ያስፈልጋል) የጥብቅና ፈቃዱን አይታችሁ፣ በመቶኛ ሳይሆን በቁርጥ ዋጋ ተዋዋሉ፤ ግማሹን መዝገቡ ሲከፈት፣ ቀሪውን ግልባጩ እጃችሁ ሲገባ ክፈሉ። አቅም ለሌላቸው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እናቶችና አረጋውያን እዚያ ይጠይቁ።

ውክልናውን ቀድማችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ወካይ በፈለገው ጊዜ መሻር ይችላል። ውክልናው የተመዘገበበት ቢሮ ሄዳችሁ መሻሪያውን አስመዝግቡ፣ ለተወካዩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ዋናውን ሰነድ መልስ በሉት፤ የመሻሪያውን ቅጂ በዚያው ቀን ለማዘጋጃ ቤቱና ለባንኩ አስገቡ። ቤቱ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ከሆነ ግን አትዘግዩ፦ በወራሽነት ላይ ተመሥርቶ የሚቀርብ ክስ መብታችሁንና ንብረቱ መያዙን ካወቃችሁ በኋላ በ3 ዓመት ይታገዳል።