ከጠረጴዛ ሥር ገብቶ የወጣ ሳጥን አትቀበሉ

ከዳይኖሰር ሞዴል ሠሪዎች ዓውደ ርዕይ ከተመለስኩ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ቃሌ ቢሻክር ይቅርታ አልጠይቅም።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ስሙን ባልጠራውም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፦ ጥግ ላይ ያለውን ጠረጴዛ የሚይዝ፣ አንድ የሚያምር ቀለም የተቀባ ናሙና መብራት ሥር የሚያቆም፣ «የቀረው ይሄ ብቻ ነው» የሚል፣ ወሬው ሁሉ የቀራፂው የልብ ወዳጅ የሚያስመስለው ሰው።

ናሙናው በ1/20 ልክ የተሠራ ካርኖታውረስ ነበር። ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ነው። ይህ የአርጀንቲና ሥጋ በል እንስሳ በ1985 ስም ሲወጣለት ከአጥንቱ ጋር የቆዳው አሻራም ተገኝቶ ስለነበር፣ ቆዳውን በግምት መሥራት የለም። እስከ 6.5 ሴንቲሜትር የሚሰፉ ጉብታዎች አሉት፤ በመካከላቸው ደግሞ ደቃቆቹ ቅርፊቶች፣ ትንንሾቹ 5 ሚሊሜትር ገደማ። ይህ ለሃያ ሲካፈል ሩብ ሚሊሜትር ነው። ሌባ ከተሠራ ሬዚን (ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ) ላይ የሲሊኮን ሻጋታ አውጥቶ እንደገና ሲቀዳ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ሩብ ሚሊሜትር ነው።

የሚሸጠው ሳጥን ውስጥ ያለው፣ ገና ያልተገጣጠመው ነው። «ሳጥኑን ክፈትልኝ» አልኩት። ሳያቅማማ ከፈተው። የግራ ጭኑን አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። በእጅ ባትሪ አየሁት፤ ቅርፊቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እውነተኛ ነበር። እኔም ገንዘብ ልቆጥር አንገቴን ደፋሁ። «ወንድሜ፣ ቀንዶቹ መንገድ ላይ እንዳይሰበሩብህ ደህና አድርጌ ልጠቅልልልህ» አለና ሳጥኑን ወደ ጠረጴዛው ሥር አወረደው። የጠረጴዛው ልብስ ተወዛወዘ። የማሸጊያ ፕላስተር ሲቀደድ ሰማሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሳጥኑ ሲወጣ አራቱም ጎኑ ታሽጓል። አመሰገንኩት። አዎ፣ አመሰገንኩት! እንዲያውም ስለ ጥንቃቄው አደነቅኩት።

ቤት እስክደርስ መታገሥ አቅቶኝ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። ቆዳው የቀለጠ ሻማ ይመስላል። የሻጋታው መጋጠሚያ መስመር ጅራቱ ላይ እንደ ጠባሳ ተጋድሟል፤ መንጋጋው በአየር አረፋ ተበሳስቷል፤ የመገጣጠሚያ መመሪያው የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ የእኔ ቀንድ ግን ጫፉም የለውም፣ አረፋ በልቶታል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ ካሊፐሬ (ትንንሽ ልክ የምለካበት መሣሪያ) በደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ለጀማሪዎች ስለ ተሰረቀ ቅጂ ንግግር የማደርግ ሰው ነኝ! ሬዚን ሲደርቅ ስለሚኮማተር የቅጂ ቅጂ ከኦሪጅናሉ ያንሳል እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ።

ተመልሼ ሄድኩ። ካሊፐሬን አውጥቼ «ከናሙናው ጋር እናመሳክር» ስለው ናሙናውን አንስቶ ከኋላው አስቀመጠው። ከዚያም ጮክ ብሎ፣ በዙሪያው ያሉት እንዲሰሙ፣ «እንስሳው ከጠፋ 70 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል፤ ትክክለኛ ልኩን አንተ ከየት አወቅህ?» አለኝ። ረዳቱ ሳቀ። ሁለት ገዢዎችም ሳቁ። ቀጥሎ «ምናልባት ውጭ ወጥተህ የለወጥከው አንተ ትሆናለህ» አለ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀይር።

አዘጋጆቹ ዘንድ ሄድኩ። ልጅቷ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ጌታዬ፣ እኛ ጠረጴዛ እናከራያለን እንጂ ዕቃ አንሸጥም» አለችኝ። ደረሰኝ ስትጠይቀኝ ነው ደረሰኝ እንዳልተቀበልኩ ያስተዋልኩት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው ለእኔ ነው።

ለምትሄዱት፦ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱን ከረጢት ክፈቱ፣ ቁርጥራጮቹን ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ሳጥኑንም በገዛ እጃችሁ ዝጉ። ዓውደ ርዕዩ ነገም ይቀጥላል። ሰውየው ከመግቢያው በስተግራ፣ ጥጉ ላይ ነው፤ እስከ ወለሉ የሚወርድ አረንጓዴ ልብስ የለበሰው ጠረጴዛ የእሱ ነው።