የደሴ ውርጭና የኮምቦልቻ ሌሊት፦ ጋቢ፣ ባና፣ የፋብሪካ ብርድ ልብስና ማሞቂያ ሲመዘኑ

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሲገባ ጃኬቱን ያወልቃል። በዚያች አጭር መንገድ ወደ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዷል፤ አየር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 4 ዲግሪ የሚሆን ልዩነት አለ። ደሴ ላይ እንቅልፍ የሚሰጥ ብርድ ልብስ ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ሌሊት ላይ ተገፎ ወለል ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ልብስ ከመግዛት በፊት ወቅቱንም መለየት ያስፈልጋል። የፈረንጅ ክረምት ብርድ ነው፤ የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። ደሴ ላይ ውርጭ የሚወርደው በጋው ላይ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ያኔ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት የሚያስቀርላት ደመና አታገኝም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ከጦሳ ተራራ ወገብ እየተንሸራተተ ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል፤ እንደ ቦሩ ሜዳ ያለ ሜዳ ላይ ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም፤ ያኔ የደሴ ችግር ጭጋጉና እርጥበቱ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። በሁለቱም ከተሞች የሚያገለግል አንድ ልብስ ብቻ ምረጡ ከተባለ መልሱ ጋቢ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ የሚያሞቀውም በድርቦቹ መካከል የሚያዘው አየር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ለብቻው ይበቃል፣ ደሴ ላይ ደግሞ ከባናው፣ ከበግ ፀጉር ከሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሥር ይሆናል። ጥራቱን የሚወስነው ማጉ፣ ማለትም በአግድም የሚገባው ክር ነው። በቁመት የሚዘረጋው ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፣ ይህ ነውር የለውም፤ ማጉ ግን የእጅ ፈትል መሆን አለበት። የእጅ ፈትል ላላ ያለ፣ አንዳንድ ቦታ ወፈር አንዳንድ ቦታ ሳሳ የሚል ክር ስለሆነ አየር ይይዛል። ማጉም ድሩም የፋብሪካ ከሆነ ልብሱ ልስልስ ብሎ ያምራል፣ ግን ይከብዳል እንጂ አያሞቅም።

ሰኞ ገበያ ላይ «እናቴ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ከመልሱ በላይ ግን እጃችሁን እመኑ። አንዱን ድርብ ገልጣችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ክሩ ሁሉ እኩል ቀጥ ብሎ ከታየ የፋብሪካ ነው። ጠርዙን ከፈት አድርጋችሁ ድርቡን ቁጠሩ። ጥለቱ ላይ በውሃ የራሰ ነጭ ጨርቅ አሹበት፤ ቀለም ከለቀቀ ያ ጋቢ በመጀመሪያው እጥበት ይዥጎረጎራል። አዲስ ጋቢ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ፣ ስትገዙ እግር ላይ ትርፍ ይኑረው። በረኪና አታብዙበት፤ ክሩን ይበላዋል። ደሴ ላይ በክረምት ማጠብ ግን አይመከርም፤ አራት ድርብ ጥጥ በጭጋግ ውስጥ ቶሎ አይደርቅም፣ ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ይጀምራል። ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው ሰው እዚያ ቢያሳጥብ ፀሐይ ቶሎ ታደርቅለታለች።

ባና የደሴ ዕቃ ነው። የበግ ፀጉር ቢረጥብም እንኳ ሙቀት ይይዛል፤ ጥጥ ግን ከራሰ ያበርዳል። ይኮሰኩሳል፣ ስለዚህ ከገላ ጋር ሳይሆን ከጋቢ ወይም ከአንሶላ በላይ ይደረብ። ትልቁ ስህተት በሙቅ ውሃ ማጠብ ነው፤ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቅና የሁለት ሰው ባና የልጅ ይሆናል። አቧራውን ማራገፍና ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል። ሌላው ጠላቱ ብል ነው፤ ሳይጸዳ ታጥፎ የተቀመጠ ባና በዓመቱ ተበሳስቶ ይገኛል።

የፋብሪካው ለስላሳ ብርድ ልብስ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለተማሪና ለተከራይ ይመቻል። ላብ ግን አይመጥም። ኮምቦልቻ ላይ ሰውነትን ያረጥባል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ያ ላብ ራሱ ያበርዳል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለአብዛኛው ቤት አያዋጣም። 2000 ዋት የሆነው በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ከተሰካ መሰኪያው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻ ይሰካ፣ ከመጋረጃም ይራቅ። ማታ ማታ ለ4 ሰዓት ያህል ቢበራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ይከብዳል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ ይጠፋል። ያንን ገንዘብ ኮርኒስ ላይና የበር ሥር ክፍተት መድፈኛ ላይ ማዋል ይሻላል።

የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አይግባ። ከሰሉ ነጭ አመድ ሲለብስ የሚጠፋው ጭሱ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ አይጠፋም፤ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በር ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። በሱ ፈንታ እግር ሥር የሚደረግ የላስቲክ የሙቅ ውሃ ከረጢት ግዙ። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እሱም ቢሆን ሃይላንድ ጠርሙስን ያጣምመዋል፣ ስለዚህ በጠርሙስ አትሞክሩት። ከረጢቱን ሁለት ሦስተኛ ሙሉት፣ አየሩን አስወጡ፣ በጨርቅ ጠቅልሉት።

ኮምቦልቻ ላይ ከሁሉ በፊት የሚገዛው አጎበር ነው። ከተማዋ ከ2000 ሜትር በታች ስለሆነች ወባ ይደርስባታል፣ ወባው የሚበረታውም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው። ብዙ ሰው ያኔ ብርድ ልብስ አለኝ ብሎ አጎበሩን ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ወፍራም ልብስ ሲደረብ ደግሞ ጎኑ ተንጠልጥሎ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ያወጣዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጋቢውን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ፣ ቀጥሎ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር አስገቡ። አዲስ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት አንድ ቀን ጥላ ላይ ይናፈስ፤ ሲታጠብም በቀላል ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ያደክመዋል።