ሽቦ የማይነካው ማንቆርቆሪያ፦ የስምንት ወር ልምዴ

ታናሽ ወንድሜ ከጃፓን ሲመለስ ሻንጣውን ያነሳሁለት እኔ ነኝ። «ድንጋይ ነው የጫንከው?» አልኩት። ቴትሱቢን የሚሉት የብረት ማንቆርቆሪያ ነበር፤ ከሞሪዮካ ከተማ። ባዶውን ሁለት ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይኸው ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት የምጥደው እሱን ነው።

መጀመሪያ ዓይን የሚይዙት ገላው ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ጉብታዎች ናቸው። «አራሬ» ይሏቸዋል፣ በረዶ እንደ ማለት። ከታች ተለቅ ብለው ይጀምሩና ወደ ክዳኑ ሲጠጉ እያነሱ ይሄዳሉ። እኔ ማሽን የሠራቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ባለሙያው ብረቱን አይነካውም። ብረቱ የሚፈስበት የአሸዋና የሸክላ ቅርጽ ገና እርጥብ እያለ፣ በውስጥ በኩል በቀጭን ዘንግ አንድ በአንድ ይወጋዋል። ሥራውን የሚያየው ተገልብጦ ነው እንግዲህ። አንዷ ነጥብ ከመስመር ከወጣች ብረቱ ያሳብቅበታል።

ሙያው ሞሪዮካ ላይ የተተከለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አካባቢውን ይገዙ የነበሩት የናምቡ መሳፍንት ከኪዮቶ ባለሙያ አስመጥተው። እስካሁንም «ናምቡ ቴኪ» ይባላል፣ የናምቡ የብረት ዕቃ።

አዲሱ ይሟሻል፣ ልክ እንደ ምጣድ። ውሃው ጥርት እስኪል ሁለት ሦስቴ አፍልቶ መድፋት ነው። ከዚያ ወዲያ ውስጡ አይነካም። ሳሙና የለም፣ ሽቦ የለም። ሻይ ቅጠል እንኳ አይገባበትም፣ ውሃ ብቻ። ሲያበቃ ውሃው ይደፋና ክዳኑ ተከፍቶ በገዛ ሙቀቱ ይደርቃል።

ይህን ሕግ ለእማዬ አልነገርኳትም ነበር። በአራተኛው ወር ልትጠይቀኝ መጥታ ውስጡ ነጣ ብሎ አየችው። «ይሄ ልጅ ዕቃ ማጠብ አያውቅም» ብላ በሽቦ ፈተገችልኝ። ነጩ ከውሃው የሚቀር ማዕድን ነው፣ ለዝገት መከላከያ። ከሱ ሥር ደግሞ ባለሙያው ከ800 ዲግሪ በላይ አግሎ ያወጣው ስስ ሽፋን አለ። በማግስቱ ያፈላሁት ውሃ ቀልቶ ወጣ። አረንጓዴ ሻይ በጨርቅ ቋጥሬ ግማሽ ሰዓት በትንሽ እሳት ቀቀልኩበት። ውሃው እንደ ቀለም ጠቆረ። የሻዩ ታኒን፣ ያ አፍ የሚያጨማድደው ነገር፣ ከዝገቱ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ሽፋን ይሠራል። ደገምኩት፣ ዳነ። ቀያይ ነጠብጣቦቹ ዛሬም አሉ፤ ውሃው እስከጠራ ድረስ ግን አያሳስቡኝም።

ቅሬታ አለኝ። እጀታው ይፋጃል። ጥሩ ጥሩዎቹ ላይ እጀታውን ሌላ አንጥረኛ ለብቻው ይቀጠቅጠዋል፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቶሎ አይግልም። የኔ ድፍን ነው፣ ያለ ጨርቅ አይያዝም። ለመፍላትም ይዘገያል። ጠዋት ለሚረፍድበት ሰው አልመክረውም።

ውሃውን ያለሰልሳል ይባላል። ሻይ ላይ ልዩነቱ ይታወቀኛል። ቡና ላይ ግን፣ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ምንም አልለየሁም።

መግዛት ካማራችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ውስጡ በኢናሜል፣ መስተዋት በሚመስል ለስላሳ ሽፋን፣ የተለበጠ ከሆነ ሻይ መዘፍዘፊያ ነው፣ እሳት ላይ አይጣድም። ከውጭ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

አንድ ነገር ረስቼ። ውሃው ሊፈላ ሲል ከውስጥ፣ ታች ከተለጠፉት ትንንሽ ብረቶች፣ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይወጣል። ሆን ተብሎ ነው የሚደረገው። ባለፈው እሑድ እማዬ ከሶፋው ሆና ሰማችውና፣ «ንብ ገባበት እንዴ?» አለች። ልታይ ግን አልተነሳችም።