ጣፎ ያለው የጥርስ ክሊኒክ፦ ይነቀል የተባለው የፊት ጥርሴ ተረፈ

የጥርሱ ሥር መግል ይዞ “ይነቀል” የተባለ ሰው ካለ ይህን ሳያነብ አይወስን። ከሁለት ዓመት በፊት መሀል ከተማ አንድ ቦታ ለላይኛው የፊት ጥርሴ ሩት ካናል (ነርቩን አውጥቶ የሥሩን ውስጥ አጽድቶ መድፈን) ተሠርቶልኝ ነበር፣ ከላዩም ክራውን የሚሉት ሽፋን ተደርጎለታል። ደህና ከረመ። ዘንድሮ ሁዳዴ መሀል ላይ ከጥርሱ በላይ ድዴ ላይ ብጉር የምታህል ነገር ወጣች። አታምም። ግን ጠዋት ስነሳ አፌ ውስጥ የሚያስጠላ ጣዕም አለ፣ ስጫናት መግል ታወጣለች፣ ትጠፋና ደግሞ ትመጣለች። የሠሩልኝ ጋ ስመለስ አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ጻፉልኝ። ሳምንት ተሻለኝ፣ ተመለሰች። ሁለተኛ ስሄድ ራጅ እንኳን ሳያነሱ “ነቅለን ኢምፕላንት እናድርግልሽ” አሉኝ፤ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ማለት ነው። በጣም ነው ያዘንኩት።

የጣፎውን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ከአያት ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ሄዳችሁ ከአስፋልቱ በባጃጅ ትንሽ ገባ ይላል። ፊት ለፊቱ ብሎኬት ይመረታል፣ አቧራው አይጣል ነው። ውስጡ ግን ንጹሕ ነው፣ ዕቃዎቹን ከታሸጉበት ዓይኔ እያየ ነው የከፈቱት።

ዶክተሯ መጀመሪያ ራጅ አነሳች። ስክሪኑን ወደኔ አዞረችና ከሥሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ጥቁር ክብ በእስክሪብቶ አሳየችኝ። “እዚህ ጋ አጥንቱ ተበልቷል” አለች። መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ ያኔ ገባኝ፤ ነርቩ የወጣ ጥርስ ውስጥ ደም አይዞርም፣ ስለዚህ መድኃኒቱ እብጠቱን ያበርዳል እንጂ ባክቴሪያው የተደበቀበት አይደርስም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞከረው ሩት ካናሉን መድገም ነው። የኔ ጥርስ ግን ውስጡ ክራውኑን የያዘ ረጅም ብረት አለው፣ እሱን ለማውጣት ሲታገሉ ሥሩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ በድድ በኩል ገብቶ የሥሩን ጫፍ መቁረጥ ይሻላል አለች። አፒኮኤክቶሚ ይሉታል። ድዱ ተከፍቶ ሥሩ የተሰነጠቀ ሆኖ ከተገኘ ግን ከመንቀል ሌላ መፍትሔ እንደሌለው አስቀድማ ነግራኛለች፣ ይሄን ነው የወደድኩላት።

ቀዶ ጥገናው አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ማደንዘዣው ሲወጋ ያማል፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ግፊትና ድምፅ ብቻ ነው። ድዱን ከፈተች፣ አጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት አበጀች፣ የተበከለውን ሥጋ ጠርጋ አወጣችና የሥሩን ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ቆረጠች። ለምን 3 ብዬ ቀድሜ ጠይቄያት ነበር። የሥሩ ቱቦ ጫፉ ጋ ሲደርስ ወደ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ይከፋፈላል፣ አብዛኞቹም እዚያችው 3 ሚሊ ሜትር ውስጥ ናቸው፤ ተራ ሩት ካናል እነሱን አያጸዳቸውም። ከዚያ ከተቆረጠው በኩል ወደ ውስጥ ሰርስራ ኤም ቲ ኤ በሚባል ሲሚንቶ ደፈነችው። ቁራጯን ጎዝ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። የሩዝ ፍሬ እንኳን አታክልም። ያን ሁሉ ወር ያንገላታችኝ እሷ ናት።

ሁለተኛው ቀን ከባድ ነበር፣ ከከንፈሬ እስከ ዓይኔ ሥር አበጠ። በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩ። ፋሲካ ገና ማለፉ ስለነበር ቤቱ ሥጋ በሥጋ ሆኖ እኔ በአጥሚትና በቀዘቀዘ ሽሮ ሰነበትኩ። በሳምንቱ ስፌቱ ወጣ።

ቅር ያለኝ ቀጠሯቸው ነው። ለስፌቱ 3 ሰዓት ተብዬ 5 ሰዓት ተኩል ነው የገባሁት፣ ከጣፎ ውጭ ለሚመጣ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ዋጋው ከሩት ካናሉ በልጧል፣ ከተነገረኝ የኢምፕላንት ዋጋ ግን በጣም ያንሳል፣ ሙሉውንም ቀድመው በወረቀት ይሰጣሉ።

ባለቤቴንም ለታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ወስጄው ነበር፣ እሱን አልነኩትም። የታች መንጋጋ ሥር ከንፈርና አገጭ ከሚሰማበት ነርቭ ጋር ስለሚቀራረብ ስፔሻሊስት ጋ ላኩት። እዚያም ከሁለቱ ሥር የታመመውን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ይቻል እንደሆነ እየታየለት ነው።

ሐምሌ ላይ ራጅ ተነስቻለሁ። ጥቁሯ ክብ ጠበብ ብላለች፣ ድዴ ላይ ያለችውም አልተመለሰችም። የስድስት ወሩ ራጅ ጥቅምት ላይ ነው፣ እሱንም አምጥቼ እዚሁ እጽፋለሁ።